«አዱኛ» ዓለም ነው ወይስ ሀብት? የአንድ ቃል ትርጉም በማን ይወሰናል?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ከአካባቢው አዛውንቶች የምሰማቸውን ቃላት ለተማሪዎቼ በመዝገብ እያሰባሰብኩ ነው። በቃሉ ወረዳ ገጠር የሚኖሩት አያቴ ‹አዱኛ› ሲሉ ሀብትና ንብረት ማለታቸው ነው። ከሚሴ ያደገው የሥራ ባልደረባዬ ግን በኦሮምኛ ‹አዱኛ› ዓለም ነው ይለኛል። ከሳዑዲ የተመለሰችው እህቴ ደግሞ ‹ዱንያ ማለት ይህች ዓለም ናት፤ እናንተ ቃሉን አበላሽታችሁታል› እያለች አያቴን ሳይቀር ታርማለች። ትክክለኛው የማን ነው? በመዝገቤ ላይስ እንዴት አድርጌ ልጻፈው?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሦስቱም የየቋንቋቸውን ትክክለኛ ቃል ተናግረዋል። ይህን የምልዎ ማንንም ላለማስቀየም ብዬ ሳይሆን፣ የቃልን ምንጭና የቃልን ትርጉም ለይቶ ማየት ስለሚያስፈልግ ነው። ምንጩ ቃሉ ከየት ተነሥቶ በማን በኩል እንደ ደረሰን ያስረዳል። ትርጉሙን የሚወስነው ግን ቃሉን የተቀበለው ሕዝብ ነው፤ የሚወስነውም በቋንቋው ውስጥ ክፍት ሆኖ ባገኘው ቦታ ላይ በማስቀመጥና ቃሉን በደረሰበት አጋጣሚ ለያዘው ጉዳይ በማዋል ነው። እህትዎ ምንጩን ይዛለች፤ አያትዎ አማርኛውን ይዘዋል፤ ባልደረባዎ ኦሮምኛውን ይዟል። አንዱ ሌላውን የሚያርምበት ምክንያት የለም።

ወሎ ይህን ጉዳይ ለመመርመር እጅግ የተመቸ አገር ነው። ግዕዙ ከሐይቅ እስጢፋኖስና ከግሸን፣ ከላሊበላም ደብሮች በቤተ ክርስቲያን በኩል ወርዷል። ዓረብኛው ከገታ፣ ከዳናና ከጀማ ንጉሥ የቂርአት ቤቶች እንዲሁም ከነጋዴው ጋር ገብቷል። ኦሮምኛው በጋብቻና በጉርብትና ከአማርኛው ጋር ሲኖር ቆይቷል፤ አርጎብኛና አፋርኛም በየገበያው አብረው ይውላሉ። ስለዚህ አንድ ቃል፣ ወይም ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት፣ በሁለትና በሦስት መንገድ ወደ አንድ ቀበሌ ሲደርሱ እናያለን።

በቅድሚያ «አዱኛ»ን በቅርብ እንመልከት። የዓረብኛው «ዱንያ» ሲነሣም «ዓለም» የሚል ስም አልነበረም፤ «ይበልጥ የቀረበ፣ ይበልጥ ዝቅ ያለ» የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል አንስታይ ጾታ ነው። «አል ሐያት አድ-ዱንያ» ሲባል «ቅርቢቱ ሕይወት» ማለት ሲሆን፣ በኋላ የምትመጣውን «አኺራ»ን በተቃራኒዋ ያቆማል። ቅጽሉ ብቻውን ስም ሆኖ «ይህች ዓለም» የሚለውን ትርጉም የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ እህትዎ «ዋናው» የምትለው ትርጉም ራሱ ከሌላ ትርጉም ተነሥቶ የመጣ ነው።

መነሻው ላይ ያለው «አ» ደግሞ የዓረብኛው መስተአምር፣ ማለትም ስሙ የታወቀ መሆኑን ለማመልከት ከፊቱ የሚገባው «አል»፣ ቅሪት ነው። «አል» «ደ» በሚል ድምፅ ከሚጀምር ቃል ጋር ሲገጥም «ል»ው ወደ «ድ» ይለወጥና «አድ-ዱንያ» ይሆናል። አማርኛና ኦሮምኛ ቃሉን የወሰዱት ከነመስተአምሩ ነው፤ «ን»ና «ያ» ተዋሕደውም «ኛ» ሆነዋል። ቱርክኛ፣ ኡርዱና ስዋሂሊ ግን መስተአምሩን ትተው «ዱንያ» በሚል መልክ ወስደውታል። በሴኔጋል የሚነገረው ወሎፍ በበኩሉ እንደ እኛው ከነመስተአምሩ «አዱና» ይላል። ይህ የአነጋገር መልክ ብዙ ያስረዳል፤ ቃሉ የተወሰደው ተጽፎ ከታየበት ገጽ ሳይሆን ሲነገር ከተሰማበት አፍ መሆኑን ያመለክታልና።

አሁን ወደ ትርጉሙ እንምጣ። «ዱንያ» ወደ አማርኛ ሲገባ «ይህች ዓለም» የሚለው ቦታ ባዶ አልነበረም፤ ከግዕዝ የወረስነው «ዓለም» አስቀድሞ ተቀምጦበታል። ኦሮምኛ «ላፋ» ሲል መሬትን፣ «ቢያ» ሲል አገርን ይላል፤ ፍጥረትን በሙሉ ከወዲያኛው ሕይወት ለይቶ ለመጥራት ግን አዲሱ ቃል ምቹ ሆኖ ተገኘ፣ ስለዚህም «ዓለም» የሚለውን ትርጉም እንደ ያዘ ቀረ። በአማርኛ ቦታው የተያዘበት ቃል ከትርጉሙ አንዱን ክፍል ብቻ ይዞ መኖር ነበረበት፤ ያም ክፍል ሀብት ሆነ።

ለምን ሀብት ሆነ? ምክንያቱ ቃሉ የደረሰበት አጋጣሚ ይመስለኛል። ገበሬው «ዱንያ» የሚለውን ቃል አዘውትሮ የሚሰማው ከሸሆቹ ተግሣጽ ነው፤ ተግሣጹም ዱንያ አታታልላችሁ፣ ዱንያን ብላችሁ አኺራን አትርሱ የሚል ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ከራሱ ኑሮ ውስጥ የሚያታልለውን ነገር ሲፈልግ የሚያገኘው ሰማዩንና ተራራውን ሳይሆን በበረት ያለውን ከብት፣ በጎተራ ያለውን እህልና በመቀነት የተቋጠረውን ብር ነው። ቃሉ በተደጋጋሚ በእነዚህ ነገሮች ላይ ስለተነገረ በእነዚሁ ላይ ረጋ። በአያትዎ አነጋገር አዱኛ የሚቆጠርና የሚጠፋ፣ አንዱ ቤት የሚሞላ ሌላው ቤት የሚጎድል ነገር ነው። ልጁን «አዱኛ» ብሎ የሚሰይም ወላጅም «ሀብቴ ነህ» ማለቱ ነው።

ይህ የአማርኛ ጥፋት ነው የሚል ሰው ካለ የራሳችንን «ዓለም» እንዲመለከት እጠይቀዋለሁ። በዕብራይስጥ የጥንት መጻሕፍት «ዖላም» በአብዛኛው ረጅም ዘመንን፣ ዘላለምን ያመለክታል። በግዕዝ «ለዓለመ ዓለም» ስንል አሁንም ያንኑ የዘመን ትርጉም እናገኛለን፣ ያው ቃል ግን ፍጥረተ ዓለሙንም ይጠራል። በአማርኛ ሲደርስ ደግሞ «ዓለሙን ቀጨ»፣ «ዓለሙን አየ» እያልን ደስታና ተድላ አደረግነው፤ እናት ልጇን «ዓለሜ» ስትል ደስታዬ ማለቷ ነው። መናኙም «ዓለምን ናቀ» ሲባል የተወው ምድርን አይደለም፣ ምቾትን ነው። ግዕዙ በመነኮሳቱ በኩል፣ ዓረብኛው በሸሆቹ በኩል፣ ሁለቱም ዓለምን የሚነቅፍ ትምህርት ይዘው መጡና በአማርኛ አንዱ ተድላን አንዱ ሀብትን ወለደ። ለእኔ ይህ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ነገር ነው፤ ሁለት ሃይማኖት ሳይመካከሩ በአንድ ሕዝብ አንደበት ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል።

«አዱኛ» የተዋስነው ቃል ነው። ከዚህ በተለየ መንገድ፣ ሳንዋዋስ ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወረስናቸው ቃላት አሉ፤ ወሎ ውስጥ ብዙ ግራ መጋባት የሚፈጥሩትም እነዚህ ናቸው። ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ «ዝክር» ነው። ዓረብኛ «ዛል» የሚለው ጥንታዊ ድምፅ በግዕዝ ከ«ዘ» ጋር ተዋሕዷል፣ ስለዚህ የዓረብኛው «ዚክር»ና የግዕዙ «ዝክር» እኅትማማች ናቸው፤ ሁለቱም ማስታወስን፣ ስምን አንሥቶ መጥራትን ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ደሴ ውስጥ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች ቃሉን ለተለያየ ሥራ ያውሉታል። ክርስቲያኗ «ነገ ዝክር አለብኝ» ስትል ወሩ በገባ በ12 የሚካኤልን፣ ወይም በ21 የማርያምን መታሰቢያ ልታወጣ ነው፤ ጠላው ከተጠመቀ ሰንብቷል፣ ዳቦው ተደፍቷል፣ ካህኑ ባርኮ ሲቆርሰው ጎረቤት ሁሉ ይቀምሳል። ሙስሊሟ «ዛሬ ማታ ዚክር አለ» ስትል ለጁምዓ አጥቢያ በሸሁ ቤት ሰው ተሰብስቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ቡናው ፈልቶ፣ ድቤው እየተመታ የአላህ ስም በዜማ ሲወደስ ያድራል ማለቷ ነው። የመጀመሪያው ዝክር የሚቀመስ ነው፤ ሁለተኛው የሚሰማ ነው። በአንዱ ላይ «ማውጣት»ና «መዘከር» የሚሉ ግሶች ይገባሉ፤ በሌላው ላይ «ማለት»ና «ማድረግ» ይገባሉ። መዝገብዎ ላይ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ከቃሉ ጋር አብሮ የሚሄደውን ግስ እንዲጽፉ የምመክርዎ ለዚህ ነው፤ ግሱ ብዙ ጊዜ ከትርጓሜው የበለጠ ይናገራል።

ከዚሁ ሥር የወጣው «ተዝካር» በአማርኛ ለሞተ ሰው በአርባ ቀን ወይም በሌላ ጊዜ የሚደገሰው መታሰቢያ ነው። በካይሮ «ተዝከራ» ሲባል ግን የባቡር ወይም የአውቶቡስ ትኬት ማለት ነው፤ ማስታወሻ ከሚለው ትርጉም ተነሥቶ ወደ ቁራጭ ወረቀት የወረደ ነው።

ሙስሊሙ የወሎ ሰው ለሞተበት ዘመድ የሚያወጣው ድግስ «ሰደቃ» ይባላል። በዓረብኛ «ሶደቃ» ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ምጽዋት ነው፤ ለአንድ ችግረኛ በመንገድ ላይ የተሰጠች ሳንቲምም ሶደቃ ናት። እኛ ዘንድ ግን ስሙ ከሁሉ በፊት ከታረደውና ከተበላው፣ ከተደረገውም ዱአ ጋር ተያይዟል፣ ተዝካርም ከጎኑ ስላለ በሥራ ረገድ ወደዚያ ቀርቧል። የሚያስገርመው የሰደቃ ሥር በግዕዝም መኖሩ ነው፤ «ጽድቅ» የምንለው እርሱ ነው። ግዕዙ እውነትንና ቅንነትን ይዞ ሲቀር፣ የዕብራይስጡ «ጸዳቃ» ከጽድቅ ተነሥቶ ወደ ምጽዋት ተሻግሯል። አማርኛ ደግሞ ለብቻው ሌላ መንገድ ወስዶ፣ ሰው ይጸድቃል፣ አዋጅ ይጸድቃል፣ ችግኝም ይጸድቃል ይላል። ችግኝ ተተክሎ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን፤ ይህን ትርጉም ዓረብኛ ስለሌለው ስህተት ነው የሚል ሰውም አልሰማሁም። ለ«ጸደቀ» የምንሰጠውን ይህን ነጻነት ለ«አዱኛ» የምንነፍግበት ምክንያት ሊገባኝ አይችልም።

«እርም»ና «ሀራም» ደግሞ ጥንቃቄ የሚጠይቁ ናቸው። ሁለቱም ከአንድ ሥር ናቸው፤ እርም ከግዕዙ «ሕርም» የመጣ ሲሆን ሀራም ከዓረብኛው ነው። የሥሩ አሳብ መለየት፣ ሰው እንዳይነካው መከለል ነው። የተከለለ ነገር ደግሞ ወይ ከርኩሰቱ የተነሣ ወይ ከቅድስናው የተነሣ ሊሆን ስለሚችል ቃሉ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። በዓረብኛ የአሳማ ሥጋ ሀራም ነው፤ የመካው ታላቅ መስጊድም «አል መስጂድ አል ሐራም» ይባላል፤ በፊተኛው ክልክልነቱ፣ በኋለኛው ክቡርነቱ ይነገራል። ሐጅ አድራጊው የሚገባበት ሁኔታ «ኢሕራም» የሚባለውም፣ የሴቶች እልፍኝ «ሐሪም» የተባለውም ከዚሁ ነው። በዕብራይስጥ «ሔሬም» ለጥፋት የተለየ ነገርን፣ በኋላም ከማኅበር መወገዝን ያመለክታል።

አማርኛው «እርም» ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ቦታ ላይ ደርሷል። «እርም በላ» ሲባል የተከለከለ በላ ማለት ነው፣ ይህ ከሀራም ጋር ይገጥማል። «እርም ብያለሁ» ሲባል ግን ሕግ ሳይከለክለው ሰው ራሱን በራሱ ከልክሏል፤ ሀራም እንዲህ አይባልም፣ ክልከላው የፈጣሪ ነውና። «እርሙን አወጣ» ሲባል ደግሞ ጉዳዩ ወደ ለቅሶ ይዞራል፤ ዘመዱ በሩቅ አገር የሞተበት ሰው መርዶ ሲደርሰው አልቅሶ የሚገባውን ሐዘን ፈጸመ፣ ከዚያ በኋላ እህል ውኃው ተፈቀደለት እንደማለት ነው። ከባሕር ማዶ የሄዱ ልጆች ያሉባቸው የወሎ ቤተሰቦች ይህን ቃል ምን ያህል እንደሚያውቁት መናገር አያስፈልገኝም። ሬሳው ያልመጣ፣ መቃብሩ ያልታየ ልጅ እናት «እርሜን ላውጣ» ስትል በዓረብኛው በኩል ብቻ የሚተረጉም ሰው «የተከለከለ ነገር ላውጣ» ብሎ ያሰፍራል፤ ያን ጊዜ የጠፋው ቃል ብቻ አይሆንም። ሙስሊሟም እናት በአማርኛ ስታለቅስ ይህንኑ ቃል ልትጠቀም ትችላለች፤ ሀራምና እርም በአንድ ሰው አፍ ሳይጋጩ የሚኖሩት ሥራቸው ስለተለያየ ነው።

በቡና ላይም እንዲሁ ነው። «በረከት» በግዕዝ በኩል፣ «በረካ» በዓረብኛ በኩል መጥተዋል፤ ሥራቸው አንድ ነው። ነገር ግን በረካ በአማርኛ በዋናነት ከአቦልና ከቶና ቀጥሎ የሚቀዳው ሦስተኛው ቡና ነው። በሞሮኮና በአልጄሪያ የዕለት ንግግር «በረካ!» ሲባል «ይበቃል!» ማለት ነው። ፈረንሳዮች ከዚያው ከሰሜን አፍሪካ ወስደው «ባራካ አለው» ሲሉ ዕድለኛ ነው ማለታቸው ነው። ቃሉ ከምርቃት ተነሥቶ በእያንዳንዱ አገር የተለየ ነገር ላይ መቀመጡ አያስገርምም፤ ምርቃት በቡና መጨረሻም፣ በማዕድ መጨረሻም፣ በመልካም ዕድልም ላይ ይነገራልና።

ባልደረባዎ የከሚሴ ሰው ስለሆነ ከኦሮምኛ የመጣውንም ላንሣ፣ በተለይም በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ ስላለና ስህተቱ በሰው ኑሮ ላይ ስለሚደርስ። «አባወራ» የምንለው ቃል የኦሮምኛው «አባ ወራ» ነው፤ «አባ» አባትና ባለቤት፣ «ወራ» ቤተሰብ፣ የአንድ ቤት ወይም ወገን ሰዎች። ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ በሚሉት የወሎ ስሞች ላይ ያለው «ወረ» ይኸው ነው። የንጉሥ ሚካኤል የፈረስ ስም «አባ ሻንቆ» ሲባልም «አባ» የሻንቆ ባለቤት ማለት እንጂ፣ በአማርኛ መነኩሴውን «አባ እገሌ» እንደምንለው አይደለም።

በኦሮምኛ «አባ ወራ ኮ» ስትል ሴት ባሌ ማለቷ ነው፤ «ሃዳ ወራ ኮ» ሲል ወንድ ሚስቴ ማለቱ ነው። አማርኛ ግን «አባወራ»ን የቤቱ ኃላፊ በሚል የአስተዳደር ትርጉም ወስዶ፣ በአምሳያው «እማወራ»ን ሲያበጅ ቤቷን ብቻዋን የምትመራ፣ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት አደረጋት። ስለዚህ መዝጋቢው በአማርኛ «እማወራ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቅና አስተርጓሚው «ሃዳ ወራ ነሽ?» ብሎ ሲያቀብል ባለትዳሯ ሴት ያለ ምንም ሐሰት «አዎን» ትላለች። በቅጹ ላይ ባል የሌላት ሆና ትሰፍራለች። ሦስቱም ሰዎች ቃሉን በትክክል ተጠቅመው ውጤቱ ስህተት ሊሆን የሚችለው እንዲህ ነው። በከሚሴና በባቲ አካባቢ የሚሠሩ የጤናና የእርዳታ ሠራተኞች ይህን ጥያቄ በቃል ሳይሆን በሁኔታ ቢጠይቁ፣ ማለትም «ባለቤትሽ አብሮሽ ይኖራል?» ቢሉ ይሻላል።

እግረ መንገዴን በውጫሌ ውል ላይ ሁልጊዜ የሚነሣውን ምሳሌ ከዚህ መለየት እፈልጋለሁ። በአምባሰል ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ከሌሎች ነገሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ኢጣልያንኛው ግን ንጉሡ በዚሁ መንገድ ለመጠቀም እንደ «ተስማሙ» የሚያሳይ ቃል አስፍሯል፤ ኢጣልያም በዚህ ተመርኩዛ ሞግዚትነት አለኝ አለች። ጉዳዩ እስከ ዐድዋ፣ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አደረሰ። ይህ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ያዘበት ሁኔታ አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ቃላት እኩል እንደሆኑ ተደርገው በሁለት ጽሑፍ የተቀመጡበት ነው። አዱኛ በሦስት ቋንቋ ሦስት መልክ ሲይዝ ማንም ማንንም አላታለለም።

ትርጉምን የሚለውጠው ሃይማኖትና አስተዳደር ብቻ ሳይሆን የአየር ጠባይም ነው። ኦሮምኛ «ገና» (ጠብቆ ሲነበብ) የሚለው የዝናብ ወቅት በመጫና በቱለማ ከሰኔ ወዲህ ያለውን ክረምት ሲጠራ፣ በቦረና ግን ዋናው ዝናብ የሚዘንብበትን የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦት ወቅት ይጠራል። ቋንቋው አንድ ነው፤ ቃሉም አንድ ነው፤ የተለያየው ሰማዩ ነው። ሕዝቡ ቃሉን ያሠረው ከወሩ ጋር ሳይሆን ከዝናቡ ጋር ነውና ዝናቡ በሄደበት ሄዷል። (የአማርኛው የልደት በዓል «ገና» ከዚህ ጋር አይዛመድም፤ እርሱ ከግሪክኛ የመጣ ነው፣ የድምፁ መመሳሰል አጋጣሚ ነው። እንዲህ ያለውን የድምፅ መግጠም ከዝምድና መለየት የመዝጋቢ ተቀዳሚ ሥራ ነው።) እኛም ዘንድ «በልግ» የደጋው ወሎ ገበሬ የሚያርስበት፣ የሚዘራበትና የሚያጭድበት፣ ከቀረበት የሚራብበት ነገር ነው። በልግ በማይዘንብበት አገር ላደገ ተማሪ ግን በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ የወቅት ስም ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚልቀው «ሐጋይ» ነው። በግዕዙ የዘመን አከፋፈል ዘመነ ሐጋይ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ደረቅ ወቅት ነው፤ ትግርኛም በጋውን «ሓጋይ» ይለዋል። አፋሮች «ሐጋይ» የሚሉት ከክረምቱ ዝናብ በፊት ግንቦትና ሰኔ ላይ የሚመጣውን ከባድ ሙቀትና ድርቅ ነው። በሶማሊኛ «ሐጋ» ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ነፋሻ ወቅት ሲሆን፣ በቦረና ኦሮሞ «ሐገያ» የጥቅምትና የኅዳር አጭር ዝናብ ነው። ደረቅ፣ ሙቅ፣ ነፋሻ፣ ዝናባማ፤ ቃሉ በአፍሪካ ቀንድ ዙሪያውን ዞሮ ወደ ተቃራኒው ደርሷል።

ስለ መዝገብዎ የጠየቁኝን ልመልስ። «አዱኛ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት «ሀብት፣ ንብረት» ብለው ይጻፉ፤ የመዝገቡ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ይህ ቀዳሚው ትርጉም ነው። ቀጥሎ ምንጩ የዓረብኛው «አድ-ዱንያ» መሆኑንና በኦሮምኛ «ዓለም» ማለት መሆኑን በየራሱ መስመር ያስፍሩ፤ በአንድ መስመር ላይ ካደባለቋቸው ተማሪው አያትዎ «ዓለም» ለማለት ፈልገው የተሳሳቱ ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ ቃል የተናገረው ሰው የየት ቀበሌ እንደሆነ፣ በምን አጋጣሚ እንደ ተናገረውና ከየትኛው ግስ ጋር እንዳስገባው ይመዝግቡ። ስም ባይጽፉ ይሻላል፤ ዕድሜና ቦታ ይበቃል። ቃሉን ሲጠይቁም «ምን ማለት ነው?» ብለው አይጀምሩ። አዛውንት እንዲህ ሲጠየቁ ለመምህር የሚመጥን መልስ ይፈልጋሉ፣ የሚያገኙትም ከስብከት ወይም ከሬዲዮ የሰሙትን ነው። ይልቅስ «መቼ ይባላል? ማን ለማን ይለዋል?» ይበሉ። አያትዎ አዱኛ ምን እንደሆነ ቢጠየቁ «ያው ዱንያ ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ «እነማን ቤት አዱኛ አለ?» ቢባሉ ግን ከብቱንና መሬቱን ቆጥረው ይነግሩዎታል።

ስለ እህትዎም አንድ ነገር ልበል። የያዘችው እውቀት ብርቅ ነው፤ ዓረብኛውን ከሚናገሩት ሰዎች መካከል ኖራ ያመጣችው ነው። እርማቷን ትታ ምንጩን በማመልከት በመዝገቡ ሥራ ብትተባበርዎ ከብዙ መጻሕፍት የበለጠ ትረዳዎታለች፣ በተለይ «ሀድራ»ን (የዱአና የዚክር ጉባኤን)፣ «መንዙማ»ንና «አጀም»ን ስትመዘግቡ። መንዙማ በዓረብኛ በግጥም የተሰናዳ ነገር ሁሉ ነው፣ የሰዋስው ሕግን በስንኝ የሚያስተምር መጽሐፍም መንዙማ ይባላል፤ በወሎ ግን በዜማ የሚባለው ውዳሴ ብቻ ነው። አጀም በዓረብኛ ዓረብ ያልሆነን ሰው ሲጠራ፣ በእኛ ሸሆች ዘንድ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈውን አማርኛ ይጠራል።

የወቅት ስሞችን ለመሰብሰብ ካሰቡ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይውረዱ፤ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድነት የሚገኙበት ነው። በልግ፣ ገና፣ ሐጋይ ሲሏችሁ የወሩን ስም አብረው ይጠይቁ፣ በዚያ ወር ከብቱ የት እንደሚሰማራና ማሳው ላይ ምን እንደሚገኝም ይጠይቁ። ወሩ ካልተጻፈ «ሐጋይ» የሚለው ቃል መዝገብዎ ላይ ደረቅም ዝናብም ሊሆን ይችላል፤ ወሩ ከተጻፈ ግን የአፋሩን ሐጋይና የግዕዙን ሐጋይ ተማሪዎችዎ ራሳቸው ይለዩታል።